ወንድሜ «እግዜር የለም» ካለ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከመጣ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኖብናል። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፣ ቀጥሎ ጾሙን ተወ። ባለፈው ፍልሰታ እማዬ ልትቆርብ እየተዘጋጀች፣ እሱ ጠዋት ተነስቶ እንቁላል ጠበሰ። ስትጠይቀው «እግዜር የሚባል የለም፣ እናንተም የምታምኑት ስለምትፈሩ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ኢርፎኑን ሰክቶ ዩቲዩብ ያያል። ጎረቤትም ሰምቷል። አንዷ «መንፈስ ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «መጽሐፍ ነው ያበላሸው» ትላለች። እማዬ ደግሞ ዘመድ ሰብስባ በግድ ጸበል ልታስወስደው ነው። አባታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት በስኳር በሽታ ነው ያረፈው። ጸበል ቦታ ያገኘው አንድ ሰው «መርፌውን ካልተውክ አትድንም» ብሎት አቁሞ ነበር። ያን ጊዜ አባዬን ይዞት የሄደው ወንድሜ ነው፤ ይህን ያህል አማኝ ነበር ለማለት ነው። ጥያቄዬ፦ ሰው ምን ሆኖ ነው ፈጣሪውን የሚክደው? እኛስ የምናምነው እውነት ፈርተን ነው? ምን ልበለው?

ታላቅ እህቱ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ እኔ አማኝ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ይሄ ሰውዬ ለማን ነው የሚያደላው?» እንዳትዪኝ ነው። ግን ይህ ዓምድ ስብከት አይደለም፣ ወንድምሽን በአንድ ገጽ የሚመልስ ቃልም የለኝም። ሰዎች ለምን እንደሚያምኑና ለምን እንደሚተዉ ካነበብኩትና ከታዘብኩት ላካፍልሽ።

አብዛኞቻችን አስበንበት አይደለም ያመንነው፣ ተወልደንበት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሃይማኖቶቹን ደርድሮ፣ አመዛዝኖ የመረጠ አይደለም። አንቺም ባንኮክ ተወልደሽ ቢሆን ኖሮ የምትጽፊልኝ «ወንድሜ የቡድሃ መቅደስ መሄድ ተወ» ብለሽ ነበር። ይህን ያስተዋለው ደግሞ የዛሬ ልጅ ብቻ እንዳይመስልሽ። የአክሱሙ ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ አገሩ በተዋሕዶና በካቶሊክ ተከፍሎ ሲታመስ፣ ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ሲያሰላስል የነበረው ይህንኑ ነው። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ይላል፣ ታዲያ ማን ይፍረድ? (ይህን የያዘውን «ሐተታ» የተባለ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ማንም ይጻፈው፣ ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው።) ደግሞ ከዋሻው የወጣው ፈጣሪን ክዶ አይደለም። እኔን ማን ፈጠረኝ፣ ወላጆቼንስ ማን፣ የእነሱንስ ወላጆች እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ፣ ማንም ያልፈጠረው ፈጣሪ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። ጾሙንና ምንኩስናውን ግን ሰው ያወጣው ሥርዓት ነው ብሎ ነቀፈ። እንግዲህ ወንድምሽ እንቁላሉን ሲጠብስ ከቀደሙት አንድ አማኝ አጋር አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከነገሩን ይልቅ ያየነው ነው። ጆሴፍ ሄንሪክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው እምነትን የሚወስደው ተናጋሪው በተግባር ዋጋ ሲከፍልበት ካየ ነው ብሏል። እናትሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነጠላቸውን ለብሰው በብርዱ ሲወጡ ያየ ልጅ ስብከት አያስፈልገውም። በተቃራኒው ደግሞ መንፈሳዊ ነኝ የሚለው ሰው ከደሃ መቀነት እየፈታ፣ መሬት በመሬት ላይ ሲገዛ ያየ ልጅ አለ። እሱንም ማንም መጽሐፍ አላበላሸውም፣ ዓይኑ ብቻ በቂ ነው። ጎረቤትሽ መጽሐፉን ትተው እስቲ ይህን ያስቡበት። በዚህ ዘመን እምነት ያስተዉት መጻሕፍት እምነት ካስተዉት አገልጋዮች ቁጥር ይበልጣሉ ብዬ አላምንም።

ሦስተኛው መከራ ነው፤ ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። መከራ የሚገርመው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መግፋቱ ነው። አንዱን ሐዘን ደጀ ሰላም ያስጠጋዋል፣ ሌላውን ያው ሐዘን ከደጀ ሰላም ያስወጣዋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የፖርቱጋሏ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ሕንፃው ተደረመሰበት። ገሚሱ «ኃጢአታችን ነው» ብሎ ንስሐ ገባ፤ በአውሮፓ ብዙ አሳቢዎች ደግሞ «የትኛው ደግ አምላክ ነው ሲጸልዩ የሚቀብር?» ብለው ጠየቁ። ዳርዊንንም እንውሰድ። እኛ አገር ዳርዊን ሲባል ወዲያው «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» ነው የሚታወሰን። ግን ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1851 የሚወዳት አኒ የምትባል የ10 ዓመት ልጁ ሞታበታለች። በ1860 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሕይወት ያለ አባጨጓሬ ሆድ ውስጥ ገብታ የምትበላ ተርብ ቸር አምላክ አስቦ ፈጠራት ማለት ከብዶኛል አለ። ያም ሆኖ በስተርጅና ሲጠየቅ፣ አምላክ የለም ብዬ ክጄ አላውቅም፣ አላውቅም የሚል ሰው ብትሉኝ ይሻላል ነው ያለው። ዩቲዩብ ላይ ይህን አይነግሩሽም፣ ከየትኛውም ወገን።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ሞልቷል። ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ዕንባቆም «እስከ መቼ ድረስ እጮኻለሁ፥ አንተም አትሰማም?» ብሎ ነው የጀመረው። እናትሽ ይህን ያውቃሉ፤ ምናልባት ከልጃቸው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር መስሎ ተሰምቷቸው ይሆናል።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ስለ እሳቸው የጻፍሽልኝ ከደብዳቤው መሐል ጥቂት መስመር ነው፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። አባቱን ጸበል ይዞ የሄደው ያ ልጅ ነው። መርፌውን ተው የተባለውን የሰማው፣ ምናልባትም «እሺ በል አባዬ» ያለው ያ ልጅ ነው። የስኳር መርፌ ደግሞ የሚያስፈልገው ሰው ሲያቆመው በቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ይህን ተሸክሞ ዓመታት ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እንጀራ እየበላ ሲኖር ማን ጠየቀው? እናንተ አዝናችኋል፤ እሱ ደግሞ ከሐዘኑ ሌላ ምን ይዞ እንደተቀመጠ አታውቁም።

ግን ጠንቀቅ በዪ! ይህን አንብበሽ ሮጠሽ «ገባኝ፣ አንተ የካድከው በአባዬ ሞት ስለተናደድክ ነው» እንዳትዪው። ይህ እሱ ለእናትሽ የተናገረው ዓይነት ንግግር ነው። እሱ «የምታምኑት ስለምትፈሩ ነው» አለ፤ አንቺ «የካድከው ስለተጎዳህ ነው» ልትዪው ነው። ሌላው ደግሞ ይመጣና «የካድከው እንደልብህ ልትጨፍር ነው» ይለዋል። ሦስታችሁም የሰውየውን ልብ መረመራችሁ እንጂ ስለ እግዜር አንድም ነገር አልተናገራችሁም። ጎረቤትሽ «ውሃ መጥቷል» ብላ የጮኸችው ልታስደስትሽ ፈልጋ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው መምጣት አለመምጣቱ የሚታወቀው ግን የእሷን ልብ በመመርመር ሳይሆን ቧንቧው ሲከፈት ነው። እግዜርን እንዲህ ከፍተን ማየት ስላልቻልን ነው እንግዲህ ከልብ ምርመራው መውጣት ያቃተን።

ጀስቲን ባሬት የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። የሰው አእምሮ የማይታይ አካል አለ ብሎ ለማሰብ ይቸኩላል ይላል፤ ሌሊት ቆርቆሮው ሲንኳኳ «ነፋስ ነው» ከማለታችን በፊት «ማነው?» እንላለን፣ ሌባ ሆኖ ነፋስ ነው ከማለት ነፋስ ሆኖ ሌባ ነው ማለት ይሻላልና። በዚህ ምክንያት እምነት ለሰው ልጅ ይቀለዋል ባይ ነው። ብዙ ኢአማንያን ይህን «አያችሁ!» እያሉ ይጠቅሱታል። ሰውየው ራሱ ግን ክርስቲያን ነው። አእምሯችን ወደ እምነት ማዘንበሉን አንዱ የስህተቱ ምንጭ ነው ሊል ይችላል፣ ሌላው ፈጣሪ እንድናገኘው አድርጎ ሠርቶን ነው ሊል ይችላል፤ ጥናቱ ለሁለቱም አልፈረደም።

የምናምነው ፈርተን ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ፍርሃትም አለበት፣ ምን ያስዋሻል። ሞት ይፈራል፣ ብቸኝነት ይፈራል፣ የሕንፃ ጥበቃ ሆኖ የሚያድር ሰው ማተቡን የሚነካካው ለጌጥ አይደለም። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ እምነት ሁልጊዜ ያጽናና ነበር። ማዘር ቴሬዛ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ለአሥርተ ዓመታት አምላክ ጨርሶ እንዳልተሰማቸው ይናገራሉ። በዚያ ባዶነት ውስጥ ሆነው ግን የካልካታን ሕሙማን ማንሳት አላቆሙም። ይህን «ፈርታ ነው» ብሎ መዝጋት ለእኔ ስንፍና ይመስለኛል።

ወደ ቤትሽ እንመለስ። በግድ ጸበል የሚባለውን ነገር አስቁሚ። ልጁ አዋቂ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንም ሰው የፈለገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል አይገደድም ይላል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ አባቱን ያጣበት ዓይነት ቦታ እጁን ይዞ መጎተት ምን ይሉታል? ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። በዚያውም አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች እንጦጦ ጸበል ሲጎርፉ፣ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው መምከራቸውን አስታውሻቸው። አባትሽን መርፌ ያስጣለው ሰው የተናገረው በራሱ ሥልጣን ነው፣ ይህን ወንድምሽም ቢያውቀው አይጎዳውም። እንቁላሉን በተመለከተ፦ በጾም እናቱ ፊት እንዳይጠብስ ጠይቂው። ይህ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም፣ የአንድ ምድጃ ጉዳይ ነው፣ እሺ ይልሻል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ወይም ውሃ ስትጠብቁ፣ ስለ እግዜር ሳይሆን ስለ አባዬ ጠይቂው። ያን ቀን ምን ሆነ ብለሽ። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ቢያምንም ባያምንም ይህ ለብቻው ይገባዋል።

ጥያቄ

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘማች ነበርኩ። ያኔ ገበሬ ሰብስበን አምላክ የለም እያልን እናስተምር ነበር። ዛሬ የያኔ ጓዶቼን የማገኛቸው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አንዳንዶቹ ቆራቢ ናቸው። ክህደት የወጣትነት ትኩሳት ነው ብል ተሳሳትኩ?

ጡረተኛ መምህር፣ ከየካ አባዶ

መልስ

ጋሼ፣ ለብዙዎች እንዳሉት ነው፣ ግን ሌላም ነገር አለበት። ያን ጊዜ አለማመን መንግሥት የሚወደው ነገር ነበር። ዋጋ ያስከፍል የነበረው ማመኑ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው በ1971 ዓ.ም. ነው የተገደሉት። ጴንጤዎቹ አዳራሻቸው ተዘግቶ በየሰው ቤት ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ ኖሩ። ከዚያስ? በ1987ቱ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከአገሪቱ ሕዝብ 10 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ1999 ከ18 በመቶ አለፈ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ዋጋ ሲከፈልበት የታየ እምነት ይጋባል ብዬ ከላይ ለቱሉ ዲምቱዋ እህታችን የጻፍኩት እዚህም ሠርቷል ባይ ነኝ።

ስለ ጓዶችዎ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ አይቀየሙኝ። ካድሬ ሲጠይቅ ከሃዲ፣ ዕድሜ ሲገፋ ቆራቢ የሆነ ሰው ሁለቱንም ጊዜ አስቦበት ላይሆን ይችላል። ያኔ መፈክሩን አብሮ ጮኸ፣ ዛሬ ቅዳሴውን አብሮ ይሰማል። አንዳንዱ ደግሞ እውነት ታግሎ፣ አልቅሶ ተመልሷል። የትኛው የትኛው እንደሆነ እርስዎ ያውቋቸዋል። ወጣቱ ግን «ሲያረጅ ይመለሳል» እየተባለ ሲታለፍ ይናደዳል፣ እውነቱንም ነው፤ እርስዎን በ1967 አንድ ሽማግሌ እንዲህ ቢልዎት ምን ይመልሱ ነበር?

ጥያቄ

ታክሲ ላይ ነው የምሠራው፣ ከአያት መገናኛ። ተሳፋሪ ሁሌ ይከራከራል። ሳይንስ እግዜር አለመኖሩን አረጋግጧል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ

አይደለም ወንድሜ። ሳይንስ የሚለካውን ይለካል። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፈው፣ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ አቶም ጀመረ ያለው ጆርጅ ለሜትር የቤልጂግ ካቶሊክ ቄስ ነበር። የሚገርመው፣ ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ይህን ሐሳብ ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ ደስ ያላለው ራሱ ለሜትር ነው፤ ፊዚክሱ ሌላ፣ እምነቱ ሌላ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ «አረጋግጧል» የሚልህንም፣ «ሳይንስ አምላክን አገኘው» የሚልህንም ሒሳቡን ተቀብለህ አውርደው።

ጥያቄ

እኔ አላምንም፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም። የምኖረው ካራ አካባቢ ነው። ልጅ አጭቻለሁ፣ ቤተሰቧ ሃይማኖተኛ ነው። ሠርጉስ ይሁን፣ ብሞት ማን ይቀብረኛል? እድሩስ ያባርረኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ ሠርጉ ይቀላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻን ከሃይማኖታዊውና ከባህላዊው እኩል ያውቃል። ከባዱ ሕጉ አይደለም፣ እጮኛህ ናት። ለጎረቤት አለመንገር መብትህ ነው፤ ለእሷ ግን ከሠርጉ በፊት ካልነገርካት፣ ልጅ ተወልዶ 40 ወይም 80 ቀን ሲደርስ ክርስትናው ላይ ነው የምትጣሉት። አሁን ንገራት፣ ክርስትናውንም አሁን ተነጋገሩበት።

እድር በአብዛኛው አያባርርህም። በየአዲሱ መንደርና በየኮንዶሚኒየሙ ያሉት ብዙዎቹ እድሮች ኦርቶዶክሱን፣ ሙስሊሙን፣ ጴንጤውን አንድ ድንኳን ሥር የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚጠይቁህ ወርሃዊ መዋጮህን ከፍለሃል ወይ፣ ቀብር ወጥተሃል ወይ ብለው ነው። ደንቡን ግን አንብበው፣ የሃይማኖት ማኅበር ያቋቋመው እድር ከሆነ ሌላ ነገር ሊኖረው ይችላል። ቀብሩ ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። ከተማችን ውስጥ መቃብር በአብዛኛው በቤተ እምነቶች እጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባልነት ይጠይቃል። ቤተሰብህ ኦርቶዶክስ ከሆነ ለማንኛውም እናትህን ጠይቃቸው፤ ያንተንም መዋጮ ሳይነግሩህ እየከፈሉልህ ሊሆን ይችላል።